የድረ ገጽ አቋራጭ

የድረ ገጽ አቋራጭ (በተለምዶ ሾርትከት) ማለት በኮምፒዩተር ዴስክቶፕ ወይም በስልክ የመነሻ ገጽ ላይ የሚቀመጥና ሲጫኑት አንድን ድረ ገጽ በቀጥታ የሚከፍት ትንሽ ምልክት ነው። አንዳንዱ አቋራጭ ድረ ገጹን በተለመደው ብራውዘር ውስጥ፣ ከሌሎች ታቦች ጎን ይከፍተዋል። ሌላው ደግሞ የአድራሻ ሳጥንና ታብ በሌለው የራሱ መስኮት ስለሚከፍተው ድረ ገጹ ራሱን የቻለ ፕሮግራም ይመስላል። ይህ ሁለተኛው ዓይነት የድረ ገጽ መተግበሪያ ወይም ዌብ አፕ ይባላል።

አቋራጩ መልኩ ምንም ቢሆን ድረ ገጹ ያለው በሌላ ቦታ፣ በሰርቨር ላይ ነው። ስለዚህ ምልክቱ ዴስክቶፕ ላይ ቢኖርም ኢንተርኔት ሲቋረጥ ብዙውን ጊዜ አይሠራም። ምልክቱ ቢሰረዝም በእርሱ በኩል የተከፈተው አካውንት ክፍት ሆኖ ሊቆይ ይችላል። በኢትዮጵያ የፓስፖርት ማመልከቻን፣ የንግድ ፈቃድንና የፈተና ውጤትን የመሳሰሉ አገልግሎቶች በድረ ገጽ እየተሰጡ በመሆናቸውና አንድን ኮምፒዩተር ብዙ ሰው ስለሚጠቀምበት፣ ይህን ልዩነት ማወቅ የተጠቃሚውን ግላዊ መረጃ ከመጠበቅ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው።

## ዓይነቶች

በአንድ ስም የሚጠሩት አቋራጮች በአሠራራቸው ሦስት ዓይነት ናቸው።

1. ተራ አቋራጭ፦ የድረ ገጹን አድራሻ ብቻ የያዘ በጣም ትንሽ ፋይል ነው። ሲጫኑት ኮምፒዩተሩ ዘወትር የሚጠቀምበትን ብራውዘር ያስነሳና ገጹን በአንድ ታብ ይከፍታል። የአድራሻ ሳጥኑ እንደተለመደው ይታያል።

2. የመስኮት አቋራጭ፦ ብራውዘሩ ማንኛውንም ድረ ገጽ በራሱ መስኮት እንዲከፍት የሚያዝ አቋራጭ ነው። የድረ ገጹ ባለቤት ያዘጋጀው ነገር ባይኖርም ይሠራል። መስኮቱ በታስክባር ላይ የራሱ ምልክት ይኖረዋል።

3. የተጫነ የድረ ገጽ መተግበሪያ፦ ባለቤቱ እንደ መተግበሪያ እንዲጫን አስቦ የሠራው ድረ ገጽ ነው። ስሙ፣ ምልክቱና የመስኮቱ መልክ አስቀድሞ የተወሰነ ሲሆን፣ አንዳንዱ ያለ ኢንተርኔትም በከፊል ይሠራል፤ ማሳወቂያም ይልካል። ይህ ዓይነት ፕሮግሬሲቭ ዌብ አፕ በሚል ስም ይታወቃል።

ሁለተኛውና ሦስተኛው በዓይን ሲታዩ ተመሳሳይ ናቸው። ለመለየት ቀላሉ መንገድ ኢንተርኔቱን አጥፍቶ መክፈት ነው። ለዚያ የተዘጋጀው መተግበሪያ ቢያንስ የራሱን ገጽታ ያሳያል፤ ሌላው ግን ግንኙነት እንደሌለ የሚገልጸውን የብራውዘሩን መልእክት ብቻ ያወጣል።

አቋራጭ ከዕልባት ማለትም ከቡክማርክ ይለያል። ዕልባት የሚገኘው ብራውዘሩ ውስጥ ነው፤ አቋራጭ ግን ከብራውዘሩ ውጪ፣ ከሌሎች ፋይሎችና ፕሮግራሞች ጎን ይቀመጣል።

## ታሪክ

ወደ ሌላ ፋይል የሚመራ ምልክት በግል ኮምፒዩተሮች ላይ የተለመደው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣው ሲስተም 7 ላይ ይህን አሠራር አስገባ። ማይክሮሶፍት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው ዊንዶውስ 95 ሾርትከት የሚለውን ስም ለብዙኃኑ አስተዋወቀ። የኢንተርኔት አድራሻን እንደ ፋይል ዴስክቶፕ ላይ ማስቀመጥም ከኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ጋር በዚያው ዘመን መጣ።

ኢሜይል፣ ካርታና የጽሑፍ ማዘጋጃ በብራውዘር ውስጥ መሥራት ሲጀምሩ፣ ዘወትር የሚከፈቱትን ድረ ገጾች ከሌሎቹ ለይቶ በራሳቸው መስኮት የማስቀመጥ ፍላጎት መጣ። እ.ኤ.አ. በ2007 ሞዚላ ፕሪዝም የተባለውን ሙከራ ይፋ አደረገ። በዚያው ዓመት ፍሉይድ የተባለው ፕሮግራም ለማክ ኮምፒዩተሮች ወጣ። ሁለቱም አንድን ድረ ገጽ ወስደው ለእርሱ ብቻ የሚያገለግል ትንሽ ብራውዘር ይሠሩ ነበር። ፕሪዝም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቢቆምም ሐሳቡ አልቀረም፤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2008 የወጣው ጉግል ክሮም ከመጀመሪያ ዕትሙ ጀምሮ የመተግበሪያ አቋራጭ መፍጠሪያ ነበረው።

በስልክ በኩል ስቲቭ ጆብስ እ.ኤ.አ. በ2007 አይፎን ለገበያ ሊቀርብ ሲል ለስልኩ መተግበሪያ መሥራት የሚፈልጉ ባለሙያዎች በድረ ገጽ መልክ እንዲሠሩ ነግሯቸው ነበር። በ2008 መጀመሪያ በወጣው ማሻሻያ ድረ ገጽን በስልኩ መነሻ ገጽ ላይ ማስቀመጥ ተቻለ። የአፕል የመተግበሪያ መደብር የተከፈተው ከዚያ በኋላ፣ በዚያው ዓመት አጋማሽ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 አሌክስ ራስልና ፍራንሲስ ቤሪማን ፕሮግሬሲቭ ዌብ አፕ የሚለውን ስያሜ አወጡ። ክሮም እንዲህ ያሉ መተግበሪያዎችን በዊንዶውስ ላይ መጫን የጀመረው በ2018 በ70ኛው ዕትሙ፣ በማክ ላይ ደግሞ በ2019 በ73ኛው ዕትሙ ነው። በክሮሚየም ላይ የተመሠረተው አዲሱ ማይክሮሶፍት ኤጅ በጥር 2020 (እ.ኤ.አ.) ሲወጣ ተመሳሳይ አገልግሎት ይዞ ነበር። አፕል በ2023 በማክኦኤስ ሶኖማ ድረ ገጽን ወደ ዶክ የመጨመር አማራጭን አመጣ። ፋየርፎክስ የራሱን ሙከራ በ2021 መባቻ ላይ ትቶት ከቆየ በኋላ፣ በ2025 በ143ኛው ዕትሙ በዊንዶውስ ላይ መልሶ ጀመረው።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 አፕል በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የድረ ገጽ መተግበሪያዎችን ከአይፎን ሊያነሳ መሆኑን ገልጾ፣ ተቃውሞ ሲበዛ በመጋቢት ወር ውሳኔውን ሽሯል። ሁኔታው እነዚህ አቋራጮች ምን ያህል በብራውዘር አምራቾች ፈቃድ ላይ እንደሚመሠረቱ አሳይቷል።

## አሠራር

የመስኮት አቋራጭ የራሱ ሞተር የለውም። ሲጫኑት የሚነሳው ያው ብራውዘር ነው፤ ልዩነቱ አቋራጩ ውስጥ የተጻፈው ትእዛዝ ብራውዘሩን የአድራሻ ሳጥኑንና ታቦቹን ሳያሳይ ገጹን ብቻ እንዲያወጣ ማዘዙ ነው። በዚህ ምክንያት አቋራጩ በዲስክ ላይ የሚይዘው ቦታ በጣም ጥቂት ነው። የሚጠቀመው ጊዜያዊ ማኅደር ማለትም ራም ግን በታብ ከተከፈተው ተመሳሳይ ገጽ እምብዛም አያንስም። ስለዚህ አሮጌ ኮምፒዩተርን ለማፍጠን ተብሎ ድረ ገጾችን ወደ አቋራጭ መለወጥ የሚያስገኘው ለውጥ የለም።

ከዚህ የሚለዩት ኤሌክትሮን በተባለው መሣሪያ የተሠሩ ፕሮግራሞች ናቸው። እነዚህም በውስጣቸው ድረ ገጽ ቢሆኑም እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ሙሉ ብራውዘር ይዘው ስለሚመጡ ብዙ ቦታ ይይዛሉ።

የሚጫን የድረ ገጽ መተግበሪያ ሁለት ነገሮች አሉት። አንደኛው ማኒፌስት የሚባል አጭር ፋይል ነው። የመተግበሪያውን ስም፣ ምልክቱን፣ መጀመሪያ የሚከፈተውን ገጽና የመስኮቱን መልክ ይገልጻል። ክሮም ለምልክቱ በ192 እና በ512 ፒክስል መጠን የተዘጋጁ ሥዕሎች እንዲኖሩ ይጠይቃል። ሁለተኛው ሰርቪስ ወርከር የሚባለው ነው፤ በድረ ገጹና በኢንተርኔቱ መካከል ሆኖ የገጹን ክፍሎች በኮምፒዩተሩ ላይ የሚያስቀምጥና ግንኙነት ሲጠፋ ከዚያ አውጥቶ የሚያሳይ ፕሮግራም ነው። ሰርቪስ ወርከር የሚሠራው በኤችቲቲፒኤስ በተመሰጠረ ድረ ገጽ ላይ ብቻ ነው።

ከሁሉ በላይ ለተጠቃሚው የሚጠቅመው የኩኪዎች ጉዳይ ነው። ኩኪ ድረ ገጹ ተጠቃሚውን ለይቶ የሚያስታውስበት ትንሽ መረጃ ነው። በክሮምና በኤጅ አቋራጩና ብራውዘሩ ኩኪዎችን ይጋራሉ፤ በታብ ውስጥ ኢሜይሉን የከፈተ ሰው በአቋራጩ መስኮትም እንደገባ ይቆጠራል፣ እንዲሁም በተቃራኒው። ሳፋሪ ግን አቋራጩ ሲፈጠር የነበሩትን ኩኪዎች ቀድቶ ከሰጠው በኋላ ሁለቱን ለየብቻ ይይዛቸዋል።

## አፈጣጠር

የምናሌዎቹ አቀማመጥ እንደ ብራውዘሩ ዕትም ይለያያል። በአሁኑ ጊዜ የተለመዱት የሚከተሉት ናቸው።

ክሮም፦ ድረ ገጹ ይከፈታል፤ በላይኛው ቀኝ ጥግ ያሉት ሦስት ነጥቦች ይጫናሉ። ካስት፣ ሴቭ ኤንድ ሼር በሚለው ሥር ኢንስቶል ፔጅ አስ አፕ የሚለው ገጹን በራሱ መስኮት የሚከፈት ያደርገዋል፤ ክሪኤት ሾርትከት የሚለው ደግሞ ተራ አቋራጭ ይፈጥራል። ዊንዶውስ 7 ላላቸው ኮምፒዩተሮች የመጨረሻ በሆነው በ109ኛው ዕትም ክሪኤት ሾርትከት የሚገኘው ሞር ቱልስ በሚለው ሥር ነው፤ በራሱ መስኮት እንዲከፈት ከተፈለገ ኦፕን አስ ዊንዶው የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ይደረጋል።

ኤጅ፦ ከሦስቱ ነጥቦች ሞር ቱልስ፣ ቀጥሎ አፕስ፣ ከዚያ ኢንስቶል ዚስ ሳይት አስ አን አፕ የሚለው ይመረጣል። ኤጅ አቋራጩ በዴስክቶፕ፣ በታስክባር ወይም በስታርት ምናሌ ላይ ይቀመጥ እንደሆነ ይጠይቃል።

ፋየርፎክስ፦ ከ143ኛው ዕትም ጀምሮ በዊንዶውስ ላይ በአድራሻ ሳጥኑ ውስጥ በሚታየው ምልክት አማካይነት ድረ ገጹ ወደ ታስክባር ይጨመራል።

ሳፋሪ፦ በማክኦኤስ ሶኖማና ከዚያ በኋላ በወጡት ላይ ከፋይል ምናሌ አድ ቱ ዶክ የሚለው ይመረጣል።

ሊኑክስ፦ በሊኑክስ ሚንት ዌብ አፕ ማናጀር የተባለው ፕሮግራም አብሮ ይመጣል። የግኖም ብራውዘርም ድረ ገጽን እንደ መተግበሪያ ያስቀምጣል።

ስልክ፦ በአንድሮይድ ክሮም ከሦስቱ ነጥቦች አድ ቱ ሆም ስክሪን የሚለው፣ በአይፎን ሳፋሪ ደግሞ ከማጋሪያው ምልክት ተመሳሳይ ስም ያለው ይመረጣል።

ያለ ብራውዘር ምናሌ፦ በዊንዶውስ ዴስክቶፕ ባዶ ቦታ ላይ የማውሱ ቀኝ ቁልፍ ይጫናል፤ ኒው፣ ቀጥሎ ሾርትከት ይመረጣል። የድረ ገጹ አድራሻ ከተጻፈ በኋላ ስም ይሰጠውና ፊኒሽ ይባላል። በዚህ መንገድ የሚገኘው ተራ አቋራጭ ነው።

## በአማርኛ መሰየም

የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 መለያ ውስጥ ከገባና ዊንዶውስ ቪስታ በ2007 ኒያላ የተባለውን የፊደል ቅርጽ ይዞ ከወጣ ወዲህ የአቋራጭን ስም በአማርኛ መጻፍ ችግር የለውም። እንግሊዝኛ የማያነብ ተጠቃሚ ፓስፖርት፣ ንግድ ፈቃድ፣ ውጤት የሚሉ ምልክቶችን በዴስክቶፑ ላይ ማግኘት ይችላል።

ሆኖም ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ የማይቀበላቸው ምልክቶች አሉ። ከእነዚህ አንዱ እዝባር ነው። በአማርኛ አጽሕሮተ ቃላት እዝባር ስለሚበዛ ት/ቤት፣ መ/ቤት ወይም ጽ/ቤት ብሎ አቋራጭን ለመሰየም ሲሞከር ኮምፒዩተሩ አይቀበልም። መፍትሔው ቃሉን አሟልቶ ትምህርት ቤት ብሎ መጻፍ ወይም በእዝባሩ ፈንታ ነጥብ ማድረግ ነው። የላቲኑ ሁለት ነጥብም የተከለከለ ሲሆን የግዕዙ ሁለት ነጥብ (፡) ግን የተለየ የዩኒኮድ መለያ ስላለው ይፈቀዳል። በሲዳምኛ በላቲን ፊደል የሚጻፉ ስሞችም በውስጣቸው ያለው ጭረት ሳይቀር ተቀባይነት አላቸው።

## በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ብዙ የመንግሥት አገልግሎቶች በድረ ገጽ በኩል ይሰጣሉ። የፓስፖርት ማመልከቻና ቀጠሮ በኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ድረ ገጽ፣ የንግድ ምዝገባና ፈቃድ በንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ሥርዓት፣ የብሔራዊ ፈተና ውጤት ደግሞ በትምህርት ዘርፉ ድረ ገጾች ይገኛል። የከፍተኛ ትምህርት የመውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኮምፒዩተር የሚሰጥ ሲሆን፣ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም በ2016 ዓ.ም. ለተወሰኑ ተማሪዎች በኦንላይን ተሰጥቷል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን የኢትዮጵያ ኮደሮች ሥልጠናም ትምህርቱ በድረ ገጽ ላይ ነው።

እነዚህ አገልግሎቶች ረዘም ያለ አድራሻ ስላላቸው ብዙ ሰው በጉግል ፈልጎ ይከፍታቸዋል። አቋራጭ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ትክክለኛው አድራሻ አንድ ጊዜ ተረጋግጦ ከተቀመጠ ዳግም መፈለግ አያስፈልግም፤ በፍለጋው ውጤት ውስጥ ወደሚገኝ ሌላ ገጽ የመሳሳት ዕድልም ይቀንሳል።

ጠቀሜታው ከከተማ መሐል ራቅ ባሉ አካባቢዎች ይጎላል። ቱላ በሲዳማ ክልል ዋና ከተማ በሐዋሳ አስተዳደር ሥር የሚገኝ፣ ሐዌላ ቱላ በሚል ስምም የሚታወቅ ክፍለ ከተማ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የሐዋሳ አስተዳደር ነዋሪ 258,808 የነበረ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ በከተማ የተቆጠሩት 157,139 ነበሩ፤ የቀሩት መቶ ሺህ ያህል ሰዎች የገጠር ቀበሌ ነዋሪዎች ነበሩ። በእንዲህ ያለ አካባቢ የሚኖርና በቤቱ ኮምፒዩተር የሌለው ሰው ቅጽ ለመሙላት የሚሄደው ወደ ኢንተርኔት ቤት ወይም ወደ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ነው፤ አለዚያም የዘመድ ላፕቶፕ ይዋሳል። በስልኩ ብቻ የሚጠቀምም አለ።

ለእያንዳንዱ ሁኔታ የሚስማማው አቋራጭ የተለየ ነው። የግል ስልክ ላለው ሰው ድረ ገጹን በመነሻ ገጽ ላይ ማስቀመጥ ሙሉ መተግበሪያ ከማውረድ ያነሰ ዳታና ቦታ ይፈጃል። የግል ላፕቶፕ ላለው ተማሪ የሥልጠናውን ገጽ በራሱ መስኮት መክፈት ከሌሎች ታቦች ለይቶ ለመሥራት ያመቻል። ብዙ ደንበኛ በሚፈራረቅበት ኮምፒዩተር ላይ ግን የሚመረጠው የአድራሻ ሳጥኑን የማይደብቀው ተራ አቋራጭ ነው።

## በጋራ ኮምፒዩተር ላይ

አቋራጭ በጋራ ኮምፒዩተር ላይ የሚያመጣው ዋናው ችግር መስኮቱ ሲዘጋ ሥራው ያለቀ መምሰሉ ነው። ሰዎች አንድን ፕሮግራም ሲዘጉ እንደወጡ ይሰማቸዋል። የድረ ገጽ መስኮትን መዘጋት ግን ከአካውንት መውጣት አይደለም፤ ኩኪው እስካለ ድረስ ቀጣዩ ሰው ምልክቱን ሲጫን የቀደመውን ሰው አካውንት ሊያገኝ ይችላል።

ይህ በተለይ በኢሜይል ላይ ከባድ ነው። የጂሜይል አቋራጭ በተቀመጠበት የኢንተርኔት ቤት ኮምፒዩተር ላይ አንድ ደንበኛ ኢሜይሉን ከፍቶ መስኮቱን ብቻ ዘግቶ ቢሄድ፣ ተከታዩ ደንበኛ ሳይፈልግ እንኳ የእርሱን መልእክቶች ያያል። የሌሎች አገልግሎቶች የይለፍ ቃል የሚታደሰው በኢሜይል በመሆኑ ኢሜይሉን የያዘ ሰው የቀረውንም መያዝ ይችላል። በቴሌግራም ዌብም እንዲሁ ነው፤ በስልክ ቁጥር ወይም በስልኩ ካሜራ የተከፈተው አካውንት ባለቤቱ ካልዘጋው በኮምፒዩተሩ ላይ ክፍት ሆኖ ሊቆይ ይችላል።

በዚህ ምክንያት በሰው ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራ ሰው የሚከተሉትን ማድረግ ይጠቅመዋል።

* ሥራው ሲያልቅ ሎግ አውት ወይም ሳይን አውት በሚለው መውጣት፣ ከዚያ መስኮቱን መዝጋት።
* የይለፍ ቃሉ ይቀመጥ እንደሆነ ብራውዘሩ ሲጠይቅ አለመፍቀድ።
* የተቃኘ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የፓስፖርት ፎቶ ወይም የፋይዳ መታወቂያ ከዳውንሎድስ ፎልደርና ከዴስክቶፕ መሰረዝ፣ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ ማድረግ።
* ሳይወጣ መሄዱን በኋላ ያስታወሰ ሰው ከስልኩ መዝጋት ይችላል፤ በቴሌግራም ሴቲንግስ ውስጥ ዲቫይስስ በሚለው፣ በጉግል አካውንት ደግሞ በደኅንነት ክፍል ውስጥ ባለው የመሣሪያዎች ዝርዝር ሌሎቹን መሣሪያዎች ማስወጣት ይቻላል።

የኮምፒዩተሩ ባለቤት በበኩሉ ክሮምን መስኮቶቹ ሁሉ ሲዘጉ ድረ ገጾች ያስቀመጡትን መረጃ እንዲያጠፋ አድርጎ ማስተካከል ይችላል። ሌላው አማራጭ ጌስት የሚባለው የእንግዳ አገባብ ነው፤ መስኮቶቹ ሲዘጉ የጎበኟቸው ገጾች ታሪክና ኩኪዎች ይጠፋሉ። የወረዱ ፋይሎች ግን በሁለቱም መንገድ አይጠፉም። በእንግዳም ሆነ በኢንኮግኒቶ አገባብ የድረ ገጽ መተግበሪያ መጫን አይቻልም።

በኢትዮጵያ የግል መረጃ አሰባሰብና አያያዝ የሚመራው በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው። ያለ ፈቃድ የሌላውን ሰው የኮምፒዩተር ሥርዓት ወይም መረጃ መድረስ በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል።

## ሐሰተኛ ገጾችና የሾርትከት ቫይረስ

የአድራሻ ሳጥን የሌለው መስኮት ውበቱም አደጋውም አንድ ነው። አንድ ገጽ እውነተኛ መሆኑን ለማወቅ ተጠቃሚው የሚመለከተው አድራሻውን ነው፤ የመስኮት አቋራጭ ይህን ይሸፍነዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 የደኅንነት ተመራማሪዎች አጥፊዎች ይህን አገባብ ተጠቅመው የመግቢያ ገጽ የሚመስል መስኮት መሥራት እንደሚችሉ አሳይተዋል። የተጫነ መተግበሪያ ከራሱ ድረ ገጽ ውጪ ወደሆነ አድራሻ ሲሄድ ክሮም ከመስኮቱ በላይ አድራሻውን የሚያሳይ ትንሽ አግዳሚ ያወጣል፤ ያ አግዳሚ ከታየ ተጠቃሚው ከመተግበሪያው ወጥቷል ማለት ነው።

ስለዚህ ጥንቃቄው የሚደረገው አቋራጩ ከመፈጠሩ በፊት ነው። ድረ ገጹ በተለመደው ታብ ተከፍቶ አድራሻው ሊነበብ ይገባል። የኢትዮጵያ መንግሥት ድረ ገጾች አብዛኛውን ጊዜ ነጥብ ጎቭ ነጥብ ኢቲ በሚለው ያበቃሉ። ይህ ቃል በአድራሻው መሐል ሳይሆን ከመጀመሪያው ነጠላ እዝባር ፊት ባለው ክፍል መጨረሻ ላይ መሆን አለበት። በቴሌግራም ቻናል ወይም በአጭር መልእክት ከተላከ ማስፈንጠሪያ አቋራጭ መፍጠር አይመከርም።

የድረ ገጽ አቋራጭ በኢትዮጵያ ተጠቃሚዎች ዘንድ የሾርትከት ቫይረስ ከሚባለው ጋር ሊምታታ አይገባም። ያኛው በፍላሽ ዲስክ የሚተላለፍ ጎጂ ፕሮግራም ነው። በፍላሹ ውስጥ ያሉትን እውነተኛ ፎልደሮች ይደብቅና ተመሳሳይ ስም ያላቸው አቋራጮችን በቦታቸው ይተካል፤ ተጠቃሚው ፎልደር መስሎት ሲከፍተው ቫይረሱ ወደ ኮምፒዩተሩ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታወቀው ስታክስኔትም በዊንዶውስ የአቋራጭ ፋይሎች ላይ የነበረውን ክፍተት ተጠቅሞ ይሰራጭ ነበር። ስለሆነም ራሱ ተጠቃሚው ያልፈጠረውን፣ በፍላሽ ወይም በኢሜይል የመጣን አቋራጭ አለመክፈት ይሻላል። አቋራጭን ከሌላ ሰው ከመቀበል ይልቅ አድራሻውን ተቀብሎ ራስ መፍጠር የተሻለ ነው።

## ማስወገድ

ተራ አቋራጭ እንደማንኛውም ፋይል ይሰረዛል። የተጫነ የድረ ገጽ መተግበሪያ ግን ከዴስክቶፕ ምልክቱ ቢሰረዝ እንኳ በስታርት ምናሌና በብራውዘሩ የመተግበሪያዎች ዝርዝር ውስጥ ይቀራል። ሙሉ በሙሉ ለማስወገድ መተግበሪያው ተከፍቶ በራሱ መስኮት ካሉት ሦስት ነጥቦች አንኢንስቶል የሚለው ይመረጣል። በዚህ ጊዜ ክሮም የድረ ገጹ መረጃም አብሮ ይጥፋ እንደሆነ ይጠይቃል። ሳጥኑ ላይ ምልክት ካልተደረገ መተግበሪያው ጠፍቶ ኩኪው ስለሚቀር፣ ድረ ገጹ በታብ ሲከፈት አካውንቱ አሁንም ክፍት ሆኖ ይገኛል።

በክሮም ኮንትሮል፣ ሺፍትና ዲሊት የሚባሉትን ቁልፎች በአንድ ላይ በመጫን የብራውዘሩን ታሪክና ኩኪዎች ለማጥፋት የሚያገለግለው መስኮት ይከፈታል።

## ገደቦች

አቋራጭ የተዳከመ የኢንተርኔት መስመርን አያፈጥንም፤ ድረ ገጹ ራሱ ሲቋረጥም አማራጭ አይሆንም። የድረ ገጹ አድራሻ ከተለወጠ አቋራጩ ወደ አሮጌው መምራቱን ይቀጥላል፤ በዚህ ጊዜ አዲሱ አድራሻ ተረጋግጦ አቋራጩ እንደገና መፈጠር አለበት። ክሮም ከ109ኛው ዕትም በኋላ ዊንዶውስ 7ን ስለማይደግፍ በእንዲህ ያሉ ኮምፒዩተሮች ላይ አቋራጮቹ ቢሠሩም ብራውዘሩ አዲስ የደኅንነት ማሻሻያ አያገኝም።

ያለ ኢንተርኔት ማንበብ ለሚፈልግ ሰው አቋራጭ ሳይሆን ይዘቱን የሚያወርድ ፕሮግራም ያስፈልገዋል። ከእነዚህ አንዱ ኪዊክስ ሲሆን አማርኛውን ጨምሮ የውክፔዲያን ጽሑፎች በአንድ ፋይል አውርዶ ግንኙነት በሌለበት ቦታ ለማንበብ ያስችላል። ፋይሉን አንድ ጊዜ በፍላሽ አስገልብጦ በትምህርት ቤት ኮምፒዩተሮች ሁሉ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል።

ፈተና በሚሰጥባቸው ኮምፒዩተሮች ላይም አቋራጭ በቂ አይደለም። የመስኮት አቋራጭ የአድራሻ ሳጥኑን ቢደብቅም ተፈታኙ ሌላ ብራውዘር እንዳይከፍት አያግድም። ለዚህ የሚያገለግሉት ኮምፒዩተሩን በአንድ ድረ ገጽ ላይ የሚቆልፉ ልዩ ብራውዘሮች ሲሆኑ፣ በዙሪክ የስዊዘርላንድ ፌዴራል የቴክኖሎጂ ተቋም የተሠራው ሴፍ ኤግዛም ብራውዘር ከእነዚህ አንዱ ነው።